ከ«ተከተለ» ወደ «አስከተለ»፦ አንድ የአራት ኪሎ ክፍል የምክንያትና ውጤት ድርሰት ርዕስ የመረጠበት መንገድ

ጉዳዩ የአንድ የ10ኛ ክፍል ሴክሽን ነው። ትምህርት ቤቱ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ አካባቢ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን ጊዜው የ2017 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ነው። የአማርኛ መምህርቷ ለ46 ተማሪዎች ባለ አምስት አንቀጽ የምክንያትና ውጤት ድርሰት አዘዙ፤ ከ15 ነጥብ የሚያዝ፣ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ። የርዕሱን ምርጫ ለተማሪዎቹ ተዉላቸው። ርዕስ ለጠፋው እንዲረዳ ደግሞ ከኢንተርኔት የተገኘ፣ መቶ ርዕሶች ያሉት ዝርዝር ወደ አማርኛ ተመልሶና ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተለጠፈ።

የርዕስ ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ከ46ቱ 31ዱ አራት ነገሮች ላይ ተከማችተው ተገኙ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ሱስ፣ ሥራ አጥነት፣ ስደት። በመጀመሪያው ረቂቅ ደግሞ ይዘቱም አንድ ዓይነት ሆነ። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የጻፉት ሁሉ ማለት ይቻላል ሦስቱን የሐተታ አንቀጾች «ጊዜ ያባክናል»፣ «ባህልን ይበርዛል»፣ «ከትምህርት ያዘናጋል» በሚል ሞሏቸው፤ መደምደሚያቸውም «ስለዚህ ወጣቱ ሊጠነቀቅ ይገባል» ሆነ። መምህርቷ ረቂቆቹን ነጥብ ሳይሰጡ መለሱ፣ የማስረከቢያውን ቀን በአንድ ሳምንት አራዘሙ፣ አራት ክፍለ ጊዜም ለርዕስ ምርጫ ብቻ መደቡ። ይህ ጽሑፍ በእነዚያ አራት ክፍለ ጊዜያት ምን እንደተሠራ፣ የቱ እንደያዘና የቱ እንዳልያዘ የሚያስረዳ ነው።

ዝርዝሩ ለምን አልሠራም

«የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ በወጣቶች ላይ» የሚል ርዕስ ላይ ላዩን ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አንድም ጥያቄ የለም። የቱ ሚዲያ? የትኛው ወጣት? ከመቼ ጀምሮ? ምኑን ከምን ወደ ምን ለወጠው? ተማሪው ስለ ስልኩ ብዙ ያውቃል፤ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚያስቀምጠው፣ ምን ሲያይ እንደሚያመሽ፣ ጠዋት እንዴት ሆኖ እንደሚነሣ። ይህ ዕውቀቱ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ርዕሱ ላይ የለም። ስለዚህ ከሬዲዮና ከትልልቅ ሰዎች የሰማውን ይደግማል። ይህን ስንፍና ማለት ስህተት ነው። ለሰፊ ርዕስ ሰፊ መልስ መስጠት ልጆች ከታች ክፍል ጀምሮ የተማሩት ነገር ነው።

ከውጭ የተገኘው ዝርዝር ሁለት ተጨማሪ ጣጣ ነበረው። አንደኛ፣ የተዘጋጀው ለሌላ አገር ተማሪ ነው። አንዲት ተማሪ ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የባንክ ብድር ዕዳ ልትጽፍ መርጣ ነበር፤ በዙሪያዋ እንዲህ ያለ ብድር የወሰደ ሰው ስለሌለ አንዲት ምሳሌ እንኳ ማምጣት አልቻለችም። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያሉ ርዕሶች ላይ ተጽፎ ያለቀ ድርሰት ሞልቷል፤ በቴሌግራም ይዘዋወራል፣ ካልሆነም የስልክ መተግበሪያ በአንድ ደቂቃ ይጽፈዋል። ተማሪው ራሱ ቆሞ ያየው ነገር ላይ ሲጽፍ ግን ከየትም መቅዳት አይችልም። ለኩረጃ ከቁጣና ከቅጣት ይልቅ የሚሻለው መድኃኒት ይህ ነው።

ሌላው ችግር የቃላት ነው። በርዕሶቹ ላይ ደጋግመው የመጡት ቃላት «ተጽዕኖ»፣ «ሚና»፣ «ሁኔታ» እና «ጉዳይ» ነበሩ። አራቱም አቅጣጫ የላቸውም። «የትራንስፖርት ሁኔታ» ሲባል ምክንያት ነው ውጤት? ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ቀላል ሆነ፦ በርዕስ ምርጫ ወቅት እነዚህ አራት ቃላት አይጻፉም፤ ርዕሱም በጥያቄ መልክ ይጻፋል። «ለምን ሆነ?» ወይም «ምን አመጣ?»። የድርሰቱ ስም ሆኖ የሚወጣውን አጭር ርዕስ መጨረሻ ላይ ማሳመር ይቻላል።

የግማሽ ገጽ ወረቀት

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ከደብተሩ ግማሽ ገጽ ቀደደ። ትእዛዙ ይህ ነበር፦ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ላይ ወይም ቤት ውስጥ፣ የተለወጠ ወይም «ለምን ይሆን?» የሚያሰኝ ሦስት ነገር ጻፉ። አሥር ደቂቃ ተሰጠ። ወሬ የለም፤ ፊደል ማረምም የለም።

ሦስት መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ተማሪ መጀመሪያ የሚጽፈው መምህሩ ይወደዋል ብሎ የሚገምተውን ነው፤ ሁለተኛው ጓደኛው የጻፈው ነው፤ ሦስተኛው ላይ ሌላ ሲጠፋው የራሱን ያወጣል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ በመጀመሪያው መስመር «የኑሮ ውድነት»፣ በሁለተኛው «የመንገድ መጨናነቅ»፣ በሦስተኛው «ድሬዳዋ አክስቴ ቤት ሽምብራ ቶሎ ይበስላል፣ እኛ ቤት ግን ከሰል ይጨርሳል» ብሎ ጻፈ። ሦስተኛውን ያፈረበት ይመስል በትንንሽ ፊደል ነበር የጻፈው። ከክፍሉ ምርጥ ከሆኑት ድርሰቶች አንዱ የወጣው ከዚያ መስመር ነው።

ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወረቀት ተለዋወጡ። ባልደረባው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ለምን?» እና «ከዚያስ?»። የመጀመሪያው ወደ ኋላ፣ ወደ መንስኤ ይመራል፤ ሁለተኛው ወደ ፊት፣ ወደ ውጤት። የበለጠ መልስ ያገኘው ጥያቄ የድርሰቱ አቅጣጫ ይሆናል። አምስት አንቀጽ ሁለቱንም አቅጣጫ አይሸከምም፤ መግቢያና መደምደሚያ ሲነሡለት የሚቀረው ሦስት አንቀጽ ነውና። ሦስት መንስኤ ለአንድ ውጤት፣ ወይም ሦስት ውጤት ለአንድ መንስኤ፣ ወይም ባለ ሦስት ማያያዣ አንድ ሰንሰለት። ሁለት መንስኤና ሁለት ውጤት ልጨምር ያለ ተማሪ ሁሉ አንቀጾቹ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆነው ቀሩ።

ማጥበብ ደግሞ ወለል አለው። ከትልቅ ርዕስ ተባርረው የመጡ አንዳንዶች «ሰኞ ለምን አረፈድኩ?» ወደሚል ወረዱ። ታክሲ ስላጣሁ። አለቀ። አንድ መንስኤ ብቻ ያለውና በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ ጥያቄ ለንግግር እንጂ ለድርሰት አይሆንም። መለኪያው፣ ጥያቄው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መልሶች እንዲኖሩት፣ እያንዳንዱም መልስ «እንዴት?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚችል እንዲሆን ነው።

«አስ» የምትባለዋ ቅጥያ

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በሙሉ በሁለት ግሶች ላይ አለቀ፤ ከአራቱም ይህ ክፍለ ጊዜ ዋጋ ያለው ነበር ብሎ መናገር ይቻላል።

አማርኛ «ተከተለ» እና «አስከተለ» የሚባሉ ሁለት ግሶች አሉት። የመጀመሪያው የጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ ይናገራል፦ ይህ ሆነ፣ ያ ተከተለ። ሁለተኛው ኃላፊነት ያሸክማል፦ ይህኛው ያንን አመጣው። ልዩነታቸው የ«ተ» በ«አስ» መተካት ብቻ ነው። ተማሪዎች በረቂቃቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ልብ አይሉትም። «መንገዱ ታደሰ፣ የታክሲ ሰልፍ ተከተለ» ያለ ልጅ በሚቀጥለው መስመር «የመንገዱ መታደስ የታክሲ ሰልፍ አስከተለ» ይላል፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ምንም ማስረጃ አልጨመረም።

ስለዚህ መምህርቷ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በግራ «ተከተለ»፣ በቀኝ «አስከተለ» ጻፉ። እያንዳንዱ ተማሪ ርዕሱን መጀመሪያ በግራ በኩል ባለው ግስ ያዋቅራል። ወደ ቀኝ ለመሻገር አራት ነገር ይጠየቃል። የመጀመሪያው፣ መንስኤ የተባለው በእርግጥ ቀድሞ ነበር ወይ? ሁለተኛው፣ አንዱ ሌላውን የሚነካበት መገናኛ ምንድን ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር? ሦስተኛው፣ ያንኑ ውጤት ሊያመጣ የሚችል ሌላ ነገር በዚያው ጊዜ አልነበረም? አራተኛው፣ ገልብጠን ብንጠይቀውስ፣ ውጤት ያልነው መንስኤ፣ መንስኤ ያልነው ውጤት ቢሆንስ?

አራተኛው ለልጆቹ አዲስ ነበር። «ማታ ስልክ ማየት እንቅልፍ ያሳጣል» ላለው ተማሪ ጥያቄው ተገልብጦ ቀረበለት።

«እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ስልክ አታነሣም?»

«አነሣለሁ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ የቱ ቀደመ?»

ልጁ ርዕሱን አልጣለውም፤ አጠበበው። ለስምንት ሌሊት ሞከረ፤ አራቱን ሌሊት ስልኩ ሳሎን አደረ፣ አራቱን አልጋው አጠገብ። የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት በየቀኑ መዘገበ። ስምንት ሌሊት ምንም አያረጋግጥም፤ ይህንንም በድርሰቱ ውስጥ በግልጽ እንዲጽፈው ተደረገ። ነገር ግን ሦስቱ የሐተታ አንቀጾቹ የራሱን ሰዓትና የራሱን ሌሊት ይዘው ወጡ።

እዚሁ ላይ የቃል ምርጫም ተነሣ። በአማርኛ «ምክንያት»፣ «መንስኤ» እና «ሰበብ» አንድ አይደሉም። ሰበብ ሰው ራሱን ለመከላከል የሚያቀርበው ነው፤ «በሰበብ አስባቡ» የምንለውም ለዚህ ነው። በውጤት በኩልም «መዘዝ»፣ «ጦስ» እና «ጠንቅ» ፍርድ የተሸከሙ ቃላት ናቸው፤ «ሳቢያ»ም ብዙውን ጊዜ ለክፉ ነገር ነው የሚነገረው፤ «በትጋቷ ሳቢያ አንደኛ ወጣች» ሲባል ጆሮ ይቆረቁራል። ተማሪው ገና ሳይመረምር ርዕሱ ላይ «የኮንደሚኒየም ኑሮ መዘዝ» ብሎ ከጻፈ መልሱን አስቀድሞ ወስኗል። በርዕስ ምርጫ ጊዜ «መንስኤ» እና «ውጤት» በቂ ናቸው። ፍርዱ ማስረጃው ከመጣ በኋላ ይደርሳል።

አራት ርዕሶች ሲጠበቡ

የሽምብራው ልጅ ጥያቄ «አዲስ አበባ ሽምብራ ለመብሰል ለምን ይዘገያል?» ሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር። ከፍ ባሉ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ በ96 ገደማ። ፍሬው የሚለሰልሰው በሙቀት ስለሆነ ጥቂት ዲግሪ መቀነሱ ጊዜውን ያረዝመዋል። ሰንሰለቱ ሦስት ማያያዣ አለው፤ እያንዳንዱ ማያያዣ አንድ አንቀጽ። እሳቱን ማብዛት ለምን እንደማይጠቅምም ከዚያው ይወጣል፦ ውኃው ከፈላ በኋላ ተጨማሪው እሳት ውኃውን ያተናል እንጂ አያሞቀውም። የግፊት ድስት የሚያፋጥነው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ነው።

ማስረጃው ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በተገኘ ቴርሞሜትር ተለካ። የመጀመሪያው ልኬት ከተጠበቀው በላይ ሆኖ ወጣ፤ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ታች ስለነካ ነበር። ውኃው መካከል ተንጠልጥሎ ሲለካ ተስተካከለ። ሌላ መንስኤ ፍለጋውም ፍሬ ሰጠ፦ የቆየ ሽምብራ ከአዲሱ ይልቅ ይጠነክራል፣ ካልሲየም የበዛበት ውኃም ያዘገያል፣ ሳይዘፈዘፍ የተጣደ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የአክስቱ ሽምብራ ሌሊት ተዘፍዝፎ የሚያድር እንደሆነ በስልክ ጠይቆ አወቀ። ድርሰቱ ከፍታን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ እንደማይችል የተገነዘበው ያን ጊዜ ነው፤ ለሦስተኛው አንቀጹም ጥሩ ነገር አገኘበት።

ሁለተኛው ርዕስ ከታሪክ ነው። አንድ ተማሪ አባቱ ታክሲ ነጂ ስለሆነ «በ1966 የነዳጅ ዋጋ መጨመር ንጉሡን ከሥልጣን አወረደ» ብሎ መጣ። የተደሰተበት ርዕስ ስለነበር በጥንቃቄ መያዝ ነበረበት። ሰሌዳው ላይ የጊዜ መስመር ተሠመረ። በመስከረም 1966 የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሣ፤ የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ማዕቀብ ጣሉ፤ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ደረሰ። አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ገደማ ተጨመረ፤ የካቲት 11 ቀን 1966 የታክሲ አሽከርካሪዎች አድማ መቱ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

እስከዚህ ድረስ ሰንሰለቱ የተያያዘ ይመስላል። ነገር ግን በነገሌ ቦረና የጦር ሠራዊቱ በምግብና በውኃ ምክንያት ያመፀው ጥር 1966 ነው፤ ከታክሲው አድማ በፊት። መምህራን አድማ የመቱት ነዳጅ አስቆጥቷቸው ሳይሆን መንግሥት ባቀረበው የትምህርት ዘርፍ ጥናትና በደመወዝ ጥያቄ ነው። የወሎ ረኃብም ቀድሞ ነበር። ስለዚህ የነዳጁ ዋጋ ቆስቋሽ ነው፤ በቋፍ ላይ የነበረን ነገር ገፋ። ቆስቋሹንና ሥር የሰደደውን መንስኤ አንድ አድርጎ መጻፍ በታሪክ ርዕስ ላይ ከሁሉ የበዛው ስህተት ነው። ርዕሱም «የነዳጅ ዋጋ መጨመር የታክሲ አሽከርካሪዎችን እንዴት ወደ አድማ አደረሰ?» ወደሚል ጠበበ። ንጉሡ ከርዕሱ ወጡ፤ ልጁ ቅር ብሎት ነበር፤ በመደምደሚያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያነሣቸው ተፈቀደለት። ማስረጃ ፍለጋ የዚያን ወር አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ እንዲያይ፣ ሲያይም የመንግሥት ጋዜጣ መሆኑን እንዳይረሳ ተነገረው፤ በዚያ ዘመን ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ እንዲያናግርም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ፍለጋ ነው።

ከሽሮ ሜዳ በላይ የምትኖር ተማሪ ደግሞ በየጠዋቱ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ስለምታይ «እንጦጦ ላይ ለምን ባሕር ዛፍ ብቻ በዛ?» ብላ ጻፈች። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመነጠረ፤ እንጨት ሲጠፋ ዐፄ ምኒልክ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ቶሎ የሚያድገውና ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ሲስፋፋ ዋና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። ሌላ መንስኤ ሲፈለግ መኳንንቱም የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችም (የዚያ ዘመን ኤምባሲዎች) አዲስ አበባ ላይ ብዙ ወጪ አውጥተው ቤት ሠርተው እንደነበር ተገኘ። እዚህ ሁለቱም መንስኤዎች አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። እሷ መጀመሪያ አንዱን ለመጣል ብትፈልግም ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ድርሰቱን አጠነከረው።

አራተኛው ለሁሉም ከባዱ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ ቤተሰቧ ወደ ከተማዋ ዳር የተዛወረ ተማሪ በሦስተኛው መስመር «ቤታችን» ብላ ብቻ ጽፋለች። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲመጣ መምህር ሁለት ስህተት ሊሠራ ይችላል፦ «ይህ ይከብድሻል፣ ሌላ ምረጪ» ማለት፣ ወይም «ይህ ጠንካራ ርዕስ ነው» ብሎ መገፋፋት። መምህርቷ ሁለቱንም ትተው ከክፍል ውጭ፣ በእረፍት ሰዓት፣ «መጻፍ ትፈልጊያለሽ? ከጻፍሽስ የቱን ክፍል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ምላሿ ስለ ሰዓት ነበር። ቀድሞ ደወል ሊደወል ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከቤት ትወጣ ነበር፤ አሁን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ትነሣለች። ርዕሷ «የመኖሪያ መራቅ በትምህርት ቀኔ ላይ ምን ለወጠ?» ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የተነሣችበትን፣ ታክሲ ያገኘችበትንና የደረሰችበትን ሰዓት መዘገበች፤ ማታ ለጥናት የተቀመጠችበትንም። የቀድሞው ሰዓት መዝገብ ስለሌለው ከትዝታ እንደተወሰደ ጻፈች። ድርሰቷ በክፍል ውስጥ አልተነበበም፤ ይህም አስቀድሞ ተነግሯት ነበር። የቤተሰብ ጉዳይ ለሚመርጡ ሁሉ ይህ ቃል ርዕሱ ከመያዙ በፊት መሰጠት አለበት፤ ከተጻፈ በኋላ ዋጋ የለውም።

ያልሆኑት

«ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለውጥ በኋላ የደብተር ዋጋ ለምን ጨመረ?» የሚለው ርዕስ በወረቀት ላይ ከሁሉም ያማረ ነበር። ጊዜው ግልጽ ነው፤ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ መገናኛውም ይገመታል፣ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ከውጭ ስለሚገባ። የወደቀው በማስረጃ ነው። ርዕሱን የያዙት ሦስት ተማሪዎች ያናገሯቸው ባለ ስቴሽነሪዎች ከለውጡ በፊት የነበረውን ዋጋ በልብ ነው የሚያስታውሱት፤ ሦስት ሱቅ ሦስት የተለያየ ቁጥር ሰጠ፤ ደረሰኝ የያዘ አልተገኘም። በዚያ ላይ ደብተር በመስከረም መግቢያ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውን የትኛው እንደገፋው መለየት አልተቻለም። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ርዕሱን ሳይሆን ማስረጃው ያለበትን ቦታ አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። ሦስቱ ተማሪዎች ርዕሱን የጣሉት በዘጠነኛው ቀን ስለነበር ተተኪውን በጥድፊያ ጻፉ፤ ነጥባቸውም ዝቅ አለ። ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ የርዕስ ወረቀት ታች «ማስረጃዬን ከማን ወይም ከየት አገኛለሁ?» የሚል ባዶ መስመር ተጨመረ፤ ቢያንስ ሁለት ምንጭ፣ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበት።

ስድስት ተማሪዎች የቀድሞ ሰፊ ርዕሳቸውን ሙጭጭ ብለው ያዙ። አራቱ ረቂቁን አንዴ ጽፈው ስለነበር ድጋሚ መጻፉን አልፈለጉም። ስህተቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ርዕስ ሳይጸድቅ ረቂቅ መቀበል አልነበረበትም። ሁለቱ ደግሞ ትንሽ ርዕስ ትንሽ ነጥብ የሚያስገኝ መሰላቸው። የነጥቡ አከፋፈል ቀድሞ አልተነገራቸውም ነበር፤ ከ15ቱ 4 ለርዕስ ወረቀቱ፣ 6 ለመገናኛዎቹ፣ 3 ለማስረጃው፣ 2 ለቋንቋው እንደሆነ የተነገረው በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ዘግይቷል።

በመጨረሻ አንድ ዓይነት ርዕስ የያዙት ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ አንድ የውኃ ቧንቧ ላይ ጽፈዋል። ድርሰቶቹ ሁሉ ጥሩ ነበሩ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ መግቢያቸው ረዥም፣ መደምደሚያቸውም አሁንም ምክር ነበር። መገናኛዎቹ ግን ተጽፈዋል። የሰዋስው ምዕራፉ በአራት ክፍለ ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የአያያዥ ቃላት ትምህርት ከድርሰቱ ጋር ስለተሰጠ ከፊሉ ተካክሷል።

ለሚቀጥለው ዙር የተስተካከለው አካሄድ ይህ ነው፦ የግማሽ ገጹ ወረቀት ሰኞ ይጻፋል፣ የ«ተከተለ»ና «አስከተለ» ሰሌዳ ረቡዕ ይሠራል፣ የጸደቀው ርዕስ የሚሰጠው ግን ዓርብ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ ባለ ሱቁን፣ አያታቸውን ወይም ጋዜጣውን አግኝተው ማስረጃው መኖሩን እንዲያዩ። ወረቀቱ ላይ ለሁለተኛ ርዕስም ቦታ ተትቷል። የመጀመሪያው እሑድ ማታ ከወደቀ ሰኞ ጠዋት በሁለተኛው ይቀጥላል።